ያውቁ ኖሯል? ባሕር የሌለው ሰፈር የዓሣ ወሬ

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወጥተው የሚደርሱበት የእንጦጦ ሸንተረር ውኃን ለሁለት የሚከፍል መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በጉለሌ በኩል የወረደው ዝናብ ቀጨኔንና ቁርጡሜን ይዞ በመጨረሻ አቃቂ ይገባል፤ ከአቃቂ ወደ አዋሽ። ከጀርባ በሱሉልታ በኩል የወረደው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይደርሳል፤ ዕድል ከቀናው ሜድትራንያንን ያያል። የጉለሌው ባሕር የማየት ተስፋ የለውም። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ይገባና እዚያው ይቀራል።

ታዲያ የጉለሌ ሰው ስለ ወደብ ዓሣ ምን አገባው? አገባው እንጂ። ምጽዋም ይሁን ባሕር ዳር፣ ዓሣ የሚያሰግር ሰው የሚጠይቀው ያንኑ ሦስት ጥያቄ ነው። ዓሣው የት ነው ያለው? መቼ ነው የሚበላው? ምን ቢሰጡት ነው የሚነክሰው? የወደብ ሰው መልሱን ከባሕር ሙላትና ጉድለት ያወጣል፤ የእኛ የሐይቅ ሰው ከክረምትና ከበጋ። ከወደቡ እንጀምር።

ኪንግፊሽ በሚል ስም የሚሸጠው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ያለው፣ ዐረቦቹ ድራክ የሚሉት፣ የማክሬል ዘመድ ነው። ሰውነቱ ረዘም ያለና ብርማ ሆኖ ጎኑ ላይ ቀጫጭን ጥቋቁር መስመሮች ከላይ ወደ ታች ወርደውበታል። እስከ 2.4 ሜትር ርዝመትና እስከ 70 ኪሎ ክብደት የደረሰ ተመዝግቧል። ሲድኒና ኦክላንድ ወደብ ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራው ጅራተ ቢጫው ግን ሌላ ዘር ነው። የእሱ የዓለም ክብረ ወሰን 52 ኪሎ ሲሆን በ1984 እ.ኤ.አ. ኒው ዚላንድ ውስጥ በመንጠቆ የተያዘ ነው።

አብዛኛው ዓሣ ሆዱ ውስጥ አየር የሚይዝ ከረጢት አለው፤ ሳይሰምጥም ሳይንሳፈፍም ባለበት የሚቆመው በእሱ ነው። የቀይ ባሕሩ ኪንግፊሽ ይህ ከረጢት የለውም። ዋናውን ካቆመ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ቀንም ሌሊትም ይዋኛል። ያለ ዕረፍት የሚዋኝ ፍጡር ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይርበዋል፤ አጥማጁ የሚተማመነውም በዚህ ረሀብ ነው።

የስዊዝ ቦይ በ1869 እ.ኤ.አ. ሲከፈት መርከብ ብቻ አልነበረም ያለፈበት። የቀይ ባሕር ኪንግፊሽም በዚያው ቦይ ሾልኮ ሜድትራንያን ገብቷል፤ ዛሬ እዚያም ይሰገራል። ቪዛ የጠየቀው የለም።

የባሕር ሙላት ሰዓቱን እንደማይጠብቅ ያውቁ ኖሯል? በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሞላ ባሕር ነገ የሚሞላው 12 ከ50 ገደማ ነው። ምክንያቱ ጨረቃ ናት፤ ምድር አንድ ዙር ዞራ እስክትጨርስ ጨረቃም በመንገዷ ትንሽ ፈቀቅ ስለምትል፣ ምድር እሷን ለመድረስ ያችን 50 ደቂቃ ትጨምራለች። ከሙላት እስከ ጉድለት በአብዛኛው ከ6 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ሙላቱ ከፍ፣ ጉድለቱም ዝቅ የሚለው ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ነው። በግማሽ ጨረቃ ባሕሩ ብዙም አይንቀሳቀስም።

ለወደብ አጥማጅ ይህ ቁጥር የሥራ ሰዓት ነው። ውኃው ሲንቀሳቀስ ትናንሽ ዓሦችን እየገፋ በደሴቶች መሃል፣ በመርከብ ማቆሚያ ምሰሶዎች ሥርና በጠባብ መተላለፊያዎች ያሳልፋቸዋል። ኪንግፊሽና መሰሎቹ እዚያ ጠርዝ ላይ አፋቸውን ወደ ወራጁ መልሰው ይጠባበቃሉ፤ ፌርማታ ላይ ቆሞ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው። ውኃው ቀጥ ሲል ግን ማዕዱ ይበተናል። ስለዚህ ልምድ ያለው አጥማጅ ውኃው የሚንቀሳቀስባቸውን ሰዓቶች ይመርጣል፤ ከነጋትና ከምሽት ጋር ከገጠሙለት ደግሞ ሌላ ሥራውን ያቆማል። የት እንደሚጥል ካልገባው ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። ወፎች ተሰብስበው ውኃው ላይ ከተወረወሩ ከሥራቸው የሰርዲን መንጋ አለ፤ ከሰርዲኑም ሥር የሚያሳድደው አለ።

ቀይ ባሕር ራሱ በዚህ ነገር ቆጥቋጣ ነው። በደቡብ ጫፉ የሙላትና የጉድለት ልዩነት ትልቅ በሚባልበት ቀን 90 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ፖርት ሱዳን አካባቢ ሲደርስ ከምንም አይቆጠርም። የምጽዋና የዳህላክ ሰው ከመሃሉ ሰው የተሻለ ይታደላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለአብነት ተማሪዎች የሚሆን አንድ ነገር አለ። ባሕረ ሐሳብ ሲቆጠር የሚወጣው ዐበቅቴ የጨረቃን ዕድሜ የሚይዝ ቁጥር ነው። ትንሣኤ ምንጊዜም ጨረቃ ከሞላች በኋላ በሚመጣ እሑድ ይውላል። የቆየው ስሌት በዘመናት ብዛት ከሰማዩ ጨረቃ በጥቂት ቀናት ስለዘገየ፣ እውነተኛው ሙሉ ጨረቃ የሚገኘው ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ወይም ከእሱ ቀደም ባለው ነው። እንግዲህ በሰሙነ ሕማማት ወይም በሆሳዕና ዋዜማ ሰሞን ምጽዋ ላይ ባሕሩ ከወትሮው ከፍ ብሎ ይሞላል። አዲስ አበባ ውስጥ የዓሣ ፈላጊ የሚበዛውም በጾም ወራት ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ ገጣጥሜ ያየሁት እኔ ነኝ።

ስለ ማባበያው ደግሞ እንስማ። ኪንግፊሽ የሞተ ነገር አይጠላም፣ የሚንቀሳቀስ ግን ያሳብደዋል። አጥማጁ አንዲት ትንሽ ዓሣ በሕይወቷ ይይዝና አንዱን መንጠቆ አፍንጫዋ ላይ በስሱ ይሰካል፤ መዋኘት እንድትችል አከርካሪዋን አይነካም። ሁለተኛውን መንጠቆ በአጭር ሽቦ አስረዝሞ ወደ ጅራቷ ይተወዋል። ይህ ሁለተኛ መንጠቆ ጌጥ አይደለም። የቀይ ባሕሩ ኪንግፊሽ የሚያድነውን በአንድ ጉርሻ አይውጥም፤ በሙሉ ፍጥነት መጥቶ መጀመሪያ ጅራቷን በምላጭ እንደተቆረጠ አድርጎ ይወስዳል፣ መሸሽ እንዳትችል። ቀጥሎ ተመልሶ የቀረውን ይለቅማል። አንድ መንጠቆ ብቻ የሰካ ሰው ገመዱን ሲስብ ግማሽ ዓሣ ይመጣለታል። ናይለኑንም ጥርሱ እንደ ክር ይበጥሰዋልና ከመንጠቆው በላይ ያለው ክንድ የማይሞላ ክፍል ሽቦ መሆን አለበት።

የጅራተ ቢጫው ጠባይ ለየት ይላል። ሲድኒ ወደብ ላይ የሚያጓጓው በሕይወቱ ያለ ስኩዊድ ነው፤ የሚገኝበትም የመርከብ መንገድ ማመልከቻ ተንሳፋፊዎች ሥር። ከተያዘ በኋላ ቁልቁል ወርዶ ገመዱን ድንጋይና ምሰሶ ላይ ለመፈተግ ይሞክራል። ብዙ አጥማጅ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ የራሷ የባሕር ጠረፍ የላትም። ለአዲስ አበባ ሰው የቀረበው የኪንግፊሽ ውኃ የጅቡቲ ነው፤ በለቡ በኩል የሚያልፈው የባቡር መስመር እስከዚያ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጅቡቲ ከተማ ከደረሱ የየመን ቤቶች ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው፣ ዘርግተው፣ በርበሬ ቀብተው ምድጃ ግድግዳ ላይ ሲጋግሩት ያያሉ። ከትልቅ ቂጣ ጋር በእጅ ይበላል። የሄደ ሰው ሲመለስ ከወደቡ ይልቅ ይህንን ነው የሚያወራው።

ወደ አገራችን ውኃ እንመለስ። ጣናም ሆነ ጫሞ በዓይን የሚታይ የጨረቃ ሙላት የላቸውም፤ ውኃቸው ለዚያ ትንሽ ነው። ውኃ ሸሽቶ ዓሣ የሚጋለጥበት ጊዜ ግን እኛም ጋ አለ፤ በጋ ይባላል።

የበጋ ዓሣ አጠማመድ በአማራ ክልል ስንት ዘመን እንዳስቆጠረ ያውቁ ኖሯል? መተማ አካባቢ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተቆፈረ ጥንታዊ ሠፈር 74,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ጥናቱ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ፤ የተመራውም በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን ነው። ተመራማሪዎቹ አፈሩ ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ቅንጣቶች አገኙ፤ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በነፋስ ተጉዘው እዚህ ያረፉ። ከፍንዳታው በኋላ አካባቢው የባሰ ደረቀ። ሰዎቹ ግን አልጠፉም። ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሲሆን ዓሣው እነዚያ ኩሬዎች ውስጥ ታጉሮ ቀረ፤ እነሱም ሄደው ለቀሙት። ከፍንዳታው በላይ ባለው የአፈር ድርብ ውስጥ የዓሣ አጥንት ድርሻው ጨምሮ ተገኝቷል። አንዱ ኩሬ ሲያልቅ ወደ ቀጣዩ እየሄዱ ሰዎች በደረቁ ወንዝ መስመር ከአካባቢያቸው ሳይወጡ አልቀሩም የሚል ሐሳብም ቀርቧል። ከአፍሪካ መውጣት የግድ በለምለም ዘመን መሆን አለበት የሚለውን የቆየ ግምት ይህ ያናጋዋል።

ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ብቻ።

ጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ 15 ያህል የላቤኦባርበስ ዝርያዎች አሉ። ከአንድ አባት ወጥተው አንዱ ሐይቅ ውስጥ የተለያዩ ዘመዳሞች ናቸው። የሚገርመው የመብላት ነገራቸው ነው። የወገናቸው ዓሦች አፋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው፤ በሌላው ዓለም በአብዛኛው ትልና ዕፅዋት ይበላሉ። የጣናዎቹ ስምንቱ ግን ዓሣ አዳኝ ሆነዋል፤ ጥርስ በሌለው አፍ ዓሣ አሳደው ይውጣሉ። ለምን እንዲህ ሆነ ቢሉ፣ ጥርስ ያለው ተፎካካሪ አልገባባቸውም። 40 ሜትር ያህል የሚወርደው ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ለሚመጣው ናይል ፐርች በሩን ዘግቶበታል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፕል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐይቁን ጎብኝቶ አንዳንዶቹን ለሳይንስ አስተዋወቀ።

እነዚህ ዓሦች መቼ ነው በቀላሉ የሚያዙት? ክረምት ላይ። ከሐምሌ ጀምሮ ጉማራና ርብ ደፍርሰው ሲሞሉ ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው ወደ ወንዞቹ ይጎርፋሉ፤ ጠጠርና አየር የበዛበት ንጹሕ ገባር እስኪያገኙ ሽቅብ ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት የወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረብ የሚጠብቃቸውም እዚያው ነው። የወደቡ አጥማጅ በቀን ሁለቴ የሚያገኘውን ዕድል የጣና አስጋሪ በዓመት አንዴ ያገኘዋል፤ ሲያገኘው ደግሞ የሚያጠምደው ሆዷ እንቁላል ያዘለ እናት ናት። ውጤቱ ታይቷል። በ1986 እ.ኤ.አ. ከኔዘርላንድ አብያተ ክርስቲያናት በመጣ እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ገባ። የንግድ ዓሣ ማስገር ያን ጊዜ ተስፋፋ። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች 75 በመቶ ያህል እንደቀነሱ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። የሞተር ጀልባው መጥፎ ነበር ማለቴ አይደለም፤ በደንገል ታንኳ መሃል ሐይቅ መድረስ ለማይችል ሰው እንጀራ ከፍቷል። ወንዙ አፍ ላይ ለሁለት ወር መረብ አለመጣል ግን ማንንም በረሀብ አይገድልም ባይ ነኝ።

ብርብራ ያውቃሉ? በአገራችን ብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ የቡና ጥላም ይሆናል። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ይሰክራል፤ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ውስጡ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር በስንጥቡ በኩል ገብቶ ሰውነቱ ኦክስጅን እንዳይጠቀም ይከለክለዋል። ዘዴው ጥንታዊ ነው፤ ችግሩ ትልቁንም ጫጩቱንም አለመለየቱ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማስገርን ይከለክላል።

የጣና ደንገል አትላንቲክን ለመሻገር መውጣቱን ሰምተዋል? ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰው በቄጠማ ጀልባ ውቅያኖስ ማቋረጥ ይችል እንደነበር ለማሳየት ሲነሳ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው። የመጀመሪያዋ ጀልባ ራ በ1969 እ.ኤ.አ. ከሞሮኮ ተነስታ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ከሄደች በኋላ ተፈታታች። ራ ሁለት በተከታዩ ዓመት በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። ባሕር ዳር ላይ ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች ደንገል ውኃ እየጠጣ እንደሚከብድ ስለሚያውቁ፣ ሥራው ሲያበቃ ጀልባዋን ጎትተው ዳር ላይ አቁመው ያደርቋታል። ውቅያኖስ ላይ ግን ማድረቂያ ዳር የለም።

እምቦጭ የሚባለው አረም ጣና ላይ የታየው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ለመረብ ከሱ የባሰ ጠላት የለም፤ መረቡ ላይ ተጠቅልሎ መጎተቱ ብቻ ሳይሆን ጀልባው ከዳር እንዳይወጣም ያግዳል።

ወደ ደቡብ። የእኛ አገር የዓሣ ንጉሥ ማነው ከተባለ ናይል ፐርች ነው፤ ጫሞ፣ አባያ፣ ባሮና ኦሞ ውስጥ አለ። ዝርያው እስከ 200 ኪሎ እንደሚደርስ ይታወቃል። በጨለማ የሚያድን ስለሆነ ዓይኑ መብራት ሲያገኘው ያበራል። አርባ ምንጭ ላይ የሚያሰግሩት ረጅም ገመድ ላይ በተርታ መንጠቆ አስረው፣ ትንንሽ ዓሣ ሰክተው ማታ ይዘረጉና ሲነጋ ያነሳሉ። የጫሞ አዞዎች ደግሞ ከሰው ቀድመው ማንሳት ይወዳሉ። አዞ ገበያ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ቱሪስት የሚጎበኘው ነው፤ ለአስጋሪው ግን የሥራ ቦታው ነው።

ይኸው ናይል ፐርች በ1950ዎቹና 60ዎቹ እ.ኤ.አ. ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲጨመር በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ የዓሣ ዝርያዎችን አጠፋ። ጫሞ ላይ ግን የአገሩ ተወላጅ ነውና ከጎረቤቶቹ ጋር ተቻችሎ ይኖራል። የጥንት ግብፆችም አክብረውት ነበር፤ ኤስና ከተማ ላይ ያመልኩት፣ ሬሳውንም እንደ ፈርዖን አድርቀው ይቀብሩት ነበር።

ቆሮሶ እናቱ አፍ ውስጥ እንደሚያድግ ያውቁ ኖሯል? እናቲቱ እንቁላሎቹን ለቅማ አፏ ውስጥ ታኖራቸዋለች። ከተፈለፈሉ በኋላም አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ ተመልሰው አፏ ይገባሉ። በዚያ ጊዜ ምግብ የሚባል አትቀምስም። ስለዚህ ሊጥም ትልም ቢያቀርቡላት አትነክስም፤ መረብ ግን ፈቃድ አይጠይቃትም።

አምባዛ ከውኃ ወጥቶ ሰዓታት የሚቆየው ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ነው። ቅርፊት የለውም። በዚህ ምክንያት በብሉይ ኪዳን ሥርዓት መሠረት የማይበሉት ብዙ ምእመናን አሉ፤ ቆሮሶ ከአምባዛ ይልቅ የሚፈለገውም በከፊል ለዚህ ነው። ዓሣ ራሱ በዐቢይ ጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየዓመቱ ሁዳዴ በገባ ቁጥር ይነሳል፤ እኔ አልገባበትም።

ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሐይቅ ውስጥ ያለው ቆሮሶ ከጥንት የነበረ አይደለም፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መገባደጃ ሰው የጨመረው ነው።

ባሌ ተራሮች ላይ፣ ወብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ደግሞ ትራውት አለ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ነው። ማባበያው ከላባና ከክር የተሠራ የውሸት ዝንብ ነው፤ ለዚያ ሲባል ከአውሮፓ ድረስ የሚመጣ ሰው አለ።

ሙሉ ጨረቃ ለሐይቅ አስጋሪ የማይመች መሆኑንስ? ውኃው ሲበራ ዓሣው መረቡን አይቶ ይሸሻል። ታንጋኒካ ላይ በፋኖስ እየሳቡ የሚያሰግሩት በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ጀልባቸውን አስረው ያርፋሉ፤ የሰማዩን ፋኖስ የሚያሸንፍ መብራት የላቸውም። የወደቡ ሰው በጉጉት የሚጠብቀውን ሌሊት የሐይቁ ሰው ተኝቶ ያሳልፈዋል።

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል። ጠዋት ጀልባዎቹ እንደገቡ ሄደው ያዩ እንደሆነ ልጆቹ ቢላ ይዘው ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዱ ቆሮሶውን ጭንቅላቱ ላይ በጣት ይጫነዋል፤ ቢላውን ከስንጥቡ ኋላ አስገብቶ አጥንቱን ተከትሎ እስከ ጅራት ይስባል፣ ይገለብጠዋል፣ በዚያኛውም ጎን እንዲሁ። ቆዳውን በጥርሱ ነክሶ ሥጋውን የሚገፍም አለ። ሁለት ነጫጭ ቁራጮች ሳህን ላይ ሲያርፉ አጥንቱ ወደ ኋላ ይወረወራል፤ አባ ኮዳ ከመሬት ሳይደርስ ይቀልበዋል። ከቁመቱ የተነሳ ሕፃን ልጅ ዓይን ለዓይን የሚያየው ወፍ ነው። ጥሬውን በአዋዜ የሚበሉ አሉ፤ ድፍረቱ ለሌለው የዓሣ ሾርባ በብርጭቆ ይቀርባል።

ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚበላው ዓሣ በአማካይ ከአንድ ኪሎ በታች ነው። የዓለም አማካይ 20 ኪሎ ገደማ። ሰበታ ያለው የዓሣና የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ጫጩት እያራባ ለኩሬ ዓሣ አርቢዎች ማድረስ አንዱ ሥራው የሆነው ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነው።

የህዳሴው ግድብ ከኋላው ያቆረው ንጋት ሐይቅ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ከጣና ግማሽ በላይ መሆኑ ነው። ክረምት ሲገባ ውኃው ወደ ላይ ይወጣል፣ በበጋ ተርባይኑ ሲጠጣው ይወርዳል። የውኃውን ሙላትና ጉድለት የሚወስነው ጨረቃ ሳይሆን የመቆጣጠሪያ ክፍል የሆነበት የዓሣ ውኃ አገራችን ውስጥ ከእሱ የሚተልቅ የለም። አስጋሪዎች ሥራ ጀምረዋል፤ ዳርቻው በየወሩ ቦታ ስለሚቀይር ትናንት መረብ የጣሉበት ቦታ ዛሬ ደረቅ ሊሆን ይችላል።

ከቀጨኔ ወንዝ የተጣለ ቆሻሻ የት እንደሚደርስ ያውቁ ኖሯል? አቃቂ፣ አባ ሳሙኤል፣ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ። ቆቃ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ በ1960 እ.ኤ.አ. የተሠራ ግድብ ነው፤ ዛሬ ዓሣ የሚሰገርበትም ነው። ወደ ወንዙ የምንጥለው ፕላስቲክና ኬሚካል የሚወርደው ተመልሶ ለምሳ ሊመጣልን ወደሚችል ዓሣ ቤት ነው።

አሁን ወደ ወጥ ቤት። አዲሱ ገበያ ወይም ጳውሎስ አካባቢ ዓሣ ሲገዙ ከዋጋው በፊት ዓይኑን ይዩ፤ ጥርት ብሎ ወደ ውጭ ያበጠ መሆን አለበት። ከዚያ ክዳኑን ከፍተው ስንጥቡን ይመልከቱ፤ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፤ ቡናማ ከሆነ ዋጋ ቢቀንሱልዎም አይውሰዱ። ሥጋውን በጣት ጫን ያድርጉት፤ የጣትዎ ምልክት ተመልሶ ከጠፋ ደህና ነው። ተቆርጦ የቀረበ ከሆነ ግን የሚፈርዱት በጠረኑና በጥንካሬው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሙሉውን አሳይተው እዚያው ይቁረጡልኝ ማለት ነውር የለውም።

እንጦጦ ግርጌ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የዓሣ ሾርባው ከሐዋሳው ትንሽ የበለጠ ጊዜ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ለጉላሽና ለኮተሌት ለውጥ የለውም፤ ዘይት ከፍታ አያውቅም።

ከጅቡቲ የመጣ ኪንግፊሽ ወይም ሌላ የማክሬል ዘመድ ከገጠመዎት ግን አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ ከተያዘ ጀምሮ በበረዶ ነው የቆየው ወይ? የዚህ ወገን ዓሦች ሳይቀዘቅዙ ከቆዩ ባክቴሪያ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን ይሠራል፤ በልተው ብዙም ሳይቆይ ፊት ይቀላል፣ ራስ ይመታል፣ ሰውነት ያሳክካል። ማብሰል አያጠፋውም፣ ማቀዝቀዣ ዘግይቶ ቢገባም አይመልሰውም፤ ብዙ ጊዜም ሽታ የለውም። ሻጩ በጥያቄው ከተናደደ ቆሮሶ ይግዙ።